የማይቆም ሞተርና የደከመ ፍሊፐር፦ አሮጌ ፒንቦል ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚጠግን

ጥያቄው የመጣው ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ነው። ጉዳዩ ፒንቦል ነው፦ የብረት ኳስ ዘንበል ባለ ሰሌዳ ላይ የሚንከባለልበት፣ ተጫዋቹም ፍሊፐር በሚባሉ መቺ ክንፎች ወደ ላይ የሚመልስበት የጨዋታ ማሽን። ጠያቂው ባጭሩ እንዲህ ይላል፦ «ጎረቤቴ ቤቱን ሲሸጥ ምድር ቤቱ ውስጥ የነበረውን ፒንቦል በርካሽ ሰጠኝ። ጎትሊብ የሠራው ‹ሮያል ፍላሽ› ነው፤ እ.ኤ.አ. የ1976 ሥሪት። ለዓመታት ማንም አልነካውም። መብራቱ ይበራል። ጨዋታ ልጀምር ስል ግን ውስጡ ያለው ሞተር ይዞራል፣ ይዞራል፣ አይቆምም። ኳሱም አይወጣም። ከ3ኛው ተጫዋች ቁጥሮች አንዱ 7 ላይ ቆሞ ይንቀጠቀጣል። አንድ ሁለቴ በዕድል ሲነሳልኝ ደግሞ የግራው ፍሊፐር ኳሱን ግማሽ መንገድ እንኳን አላደረሰውም። ኳስ ሲመታቸው ከሚወድቁት ካርዶች (ዒላማዎች) አንዱም ተነስቶ ወዲያው ይወድቃል። ኤሌክትሪክ አልተማርኩም፤ ካቻቢቴ መያዝ ግን እችላለሁ። ከየት ልጀምር? ወይስ ሰው ልጥራ?»

ወንድሜ፣ ሰው አትጥራ። ቢያንስ ለጊዜው። የጻፍካቸውን ሦስት ችግሮች ደጋግሜ አነበብኳቸው። ሦስቱም ካቻቢቴ መያዝ በሚችልና ትዕግሥት ባለው ሰው እጅ የሚስተካከሉ ናቸው።

ከሁሉም በፊት አንድ ነገር ያዝልኝ። ማሽንህ ተሰብሯል ብለህ አትነሳ፤ ቆሽሿል ብለህ ተነሳ። ለዓመታት ሳይሠሩ ከቆሙ የዚያ ዘመን ማሽኖች ውስጥ የማገኘው ብልሽት በአብዛኛው የተቃጠለ ዕቃ አይደለም። የቆሸሸ ፑንቲና፣ የደረቀ ግራሶ፣ የላላ ብሎን ነው። ጀማሪ ማሽን የሚያበላሸው ይህን ስለማያምን ነው። ዕቃ ያዛል፣ ይቀይራል፣ ዓይኑ ያረፈበትን ሁሉ ያጣምማል። በአንድ ብልሽት የጀመረው ማሽን አሥር ብልሽት ይዞ ይቀመጣል።

ፑንቲና ያልኩት ሆን ብዬ ነው፤ ሲነካኩ ኤሌክትሪክ የሚያሳልፉ፣ ሲለያዩ የሚያቋርጡ ሁለት የብረት ነጥቦች ናቸው። አዲስ አበባ ያደገ ሰው ቮልስ ያውቃል። ቮልስ አልነሳ ሲል መካኒኩ መጀመሪያ የሚያየው ካንዴላና ፑንቲና ነው። ፑንቲናውን በስስ ሞረድ ጠረግ ጠረግ ያደርገዋል፣ ክፍተቱን ያስተካክላል፣ መኪናው ይነሳል። ያንተ ፒንቦል በመቶዎች የሚቆጠሩ ፑንቲናዎች ያሉት ቮልስ ነው።

ኮምፒውተር የለበትም። በ1976 እንዲህ ያሉት ማሽኖች የመጨረሻ ዘመናቸው ላይ ነበሩ። ከዚያ በኋላ ባሉት ጥቂት ዓመታት ሠሪዎቹ ሁሉ ወደ ኤሌክትሮኒክስ ዞሩ። ያ ዓመት ለፒንቦል ትልቅ ዓመት ነው። ኒውዮርክ ከተማ ከ1942 ጀምሮ የነበረውን የፒንቦል እገዳ ያነሳችው ያኔ ነው። ሮጀር ሻርፕ የሚባል ጸሐፊ የከተማዋ ምክር ቤት አባላት ፊት ማሽን ላይ ቆመ። ኳሱን በየትኛው መንገድ እንደሚልክ አስቀድሞ ተናገረ፤ በተናገረውም መንገድ ላከው። ጨዋታው ዕድል ብቻ ሳይሆን ችሎታ እንደሆነ በዓይናቸው አሳያቸው። ያንተ ማሽን የዚያ ዓመት ልጅ ነውና በጥንቃቄ ያዘው።

አሠራሩን ትንሽ ልንገርህ፤ ያለዚህ የሚከተለው ሁሉ ጨለማ ይሆንብሃል። ከግድግዳው የሚመጣውን 120 ቮልት አንድ ትራንስፎርመር ዝቅ ያደርገዋል። ለአምፖሎቹ 6 ቮልት ገደማ፣ ለኮይሎቹ 25 ቮልት ገደማ ይሰጣል። ኮይል ማለት የተጠመጠመ ሽቦ ነው። ኤሌክትሪክ ሲያልፍበት መሐሉ ያለውን ብረት ይስባል። ፍሊፐሩን የሚመታው እሱ ነው፤ ቁጥር የተጻፈበትን የነጥብ ከበሮ የሚያዞረውም እሱ ነው። ሪሌ ደግሞ ትንሽ ኮይል ሆኖ፣ ሲስብ በአንድ ጊዜ ብዙ ፑንቲናዎችን የሚከፍትና የሚዘጋ ነው። ከሥር የምትሰማው ሞተር የነጥብ ሞተር ይባላል። ጥርስ ያላቸው ክብ ሳህኖችን በዝግታ ያዞራል። ጥርሶቹ ፑንቲናዎችን እየገፉ የተቆጠረ ምት ይሰጣሉ። 50 ነጥብ ስታገኝ ሞተሩ ተነስቶ 5 ምት ይሰጣል፤ የአሥር ቤቱ ከበሮ 5 ጊዜ ጠቅ ጠቅ ይላል። ያ ድምፅ ማሽኑ ሲቆጥር ነው። ማስታወሻው ሁሉ አካሉ ላይ ነው፦ ከበሮው የቆመበት ቁጥር፣ የተሳበው ሪሌ። ስለዚህ በዓይንህ ልታነበው ትችላለህ። እኔ በዚህ ሥራ የተያዝኩት በዚህ ምክንያት ነው።

አሁን ወደ ጥንቃቄው። ማሽኑን ስትከፍት ስፒናውን ከግድግዳው ንቀል። ማጥፊያውን ብቻ ተማምነህ እጅህን አታስገባ። በብዙ አሮጌ ማሽኖች ማጥፊያው ጠፍቶም 120 ቮልቱ ውስጥ ድረስ ገብቶ ይቀመጣል። 25 ቮልቱ ያን ያህል አያስፈራም፤ ቀለበት ወይም የእጅ ሰዓት ሲያገናኘው ግን ቆዳ ያቃጥላል፣ ስለዚህ አውልቃቸው። 120ው ግን ይገድላል። ገመዱንም እየው። ስፒናው ሁለት ጥርስ ብቻ ካለው ወይም የገመዱ ልባስ ከተሰነጠቀ፣ ባለ 3 ጥርስ፣ ምድር ያለው ገመድ ይግባለት። ሰው ጥራ የምልህ ለዚህ አንድ ሥራ ነው። ፊዩዝ ከተቃጠለ ደግሞ ማሽኑ ላይ የተጻፈውን ያህል ብቻ አስገባ። ከፍ ያለ ፊዩዝ ማስገባት ችግሩን አይፈታም፤ ሽቦውን ፊዩዝ ያደርገዋል።

የላይኛውን መስታወት አንሸራትተህ ስታወጣው ጥግ ጥጉን ጠብቅ። ወለል ላይ በቀጥታ አታሳርፈው፣ ፎጣ አንጥፍለት። ጥጉ ጠንካራ ነገር ከነካ በአንዴ ሊበተን ይችላል። ከዚያ ኳሱን አውጣ። 27 ሚሊ ሜትር ስፋት፣ 80 ግራም ገደማ ክብደት ያለው የብረት ኳስ ነው። ረስተኸው ሰሌዳውን ብታነሳ ተንከባሎ ቁጥሮቹ የሚታዩበትን ባለ ሥዕል መስታወት ሊመታ ይችላል። ያንን ሥዕል ከጀርባው በምንም አትጥረገው። ቀለሙ መስታወቱ ላይ የተቀባው ከኋላ ነው፤ ከዚህ ሁሉ ዓመት በኋላ ተላቆ በጨርቅ ይነሳል። አንዴ ከተነሳ አይመለስም።

ሰሌዳውን አንሥተህ ደግፈው። ከዚያ ለግማሽ ሰዓት ምንም አትንካ። ፎቶ ብቻ አንሳ። የተላቀቀ ሽቦ አለ? ወለሉ ላይ የወደቀ ሞላ፣ ብሎን ወይም ሮንደላ አለ? የጠቆረ ኮይል አለ? የኮይሉ ወረቀት ቡናማ ሆኖ ከተኮማተረ ሞቆ ያውቃል ማለት ነው። ሪሌዎቹን አንድ በአንድ በጣትህ ቀስ ብለህ ገፋ አድርገህ ልቀቃቸው። ፈጥኖ መመለስ አለበት። የሚዘገይ ወይም የሚጣበቅ ካለ መዝግበው። ከላይኛው ሳጥን ወደ ታች የሚወርዱት ወፍራም የሽቦ ዘለላዎች መጨረሻቸው ላይ ብዙ ጥርስ ያለው መሰኪያ አላቸው። እነሱን ንቀል፣ ጥርሶቹን ጥረግ፣ መልሰህ በደንብ ሰካ። ማሽንህ ከጎረቤት ቤት ሲመጣ ተነቅለው ተሰክተዋልና አንዱ በደንብ አልገባ ይሆናል።

ወደ ሞተሩ እንምጣ። ዋናው ጥያቄህ እሱ ነው፤ መልሱንም አንተው ጽፈኸዋል።

አዲስ ጨዋታ ስትጀምር ማሽኑ መጀመሪያ የሁሉንም ተጫዋቾች ቁጥር ወደ ዜሮ ይመልሳል። አመላለሱ ቀላል ነው። ሞተሩ እየዞረ ለከበሮዎቹ ምት ይልካል። እያንዳንዱ ከበሮ ዜሮ ላይ ሲደርስ የራሱ ፑንቲና ተከፍቶ «እኔ ደርሻለሁ» ይላል፤ ምቱም ለእሱ ይቆማል። ሁሉም ሲደርሱ ሞተሩ ያርፋል፣ ኳሱ ይወጣል። አንድ ብቻ ካልደረሰ ማሽኑ ይጠብቀዋል። ሞተሩ ሌሊቱን ሙሉ ቢዞርም ይጠብቀዋል። ስለዚህ ያልተበላሸው ሞተሩ ነው። ሞተሩ ትክክለኛ ሥራውን እየሠራ ነው።

አንተ ደግሞ ያልደረሰውን አይተኸዋል፦ የ3ኛው ተጫዋች፣ 7 ላይ የቆመው። «ይንቀጠቀጣል» ያልካት ቃል ለእኔ ወርቅ ናት። የሚንቀጠቀጥ ከበሮ ኤሌክትሪክ እየደረሰው ነው። ኮይሉ በሕይወት አለ፣ ሽቦው አልተበጠሰም፣ ምቱን የሚልኩለት ፑንቲናዎች ይሠራሉ። ግማሹን ማሽን ከተጠርጣሪነት አወጣህልኝ ማለት ነው። ችግሩ ከበሮው ራሱ ላይ ነው፤ አልራመድ ብሏል።

ስፒናው ተነቅሎ፣ የላይኛውን ሳጥን ክፈትና ያንን ከበሮ አግኘው። ከጎኑ ኮይል አለ፤ በመሐሉ የሚገባ የሚወጣ ብረት፣ ክንድ፣ ጥርስ ያለው ጎማ፣ ጥርሱን የሚይዝ ጥፍር፣ ክንዱን የሚመልስ ሞላ። ኮይሉ ክንዱን ይስባል፣ ሞላው ይመልሰዋል፤ በዚህ ምልልስ ከበሮው አንድ ቁጥር ይሄዳል። ብረቱን በጣትህ እስከ መጨረሻው ገፋ አድርገህ ልቀቀው። ከዚያ የ1ኛውን ተጫዋች ተመሳሳይ ከበሮ እንደዚያው አድርገው። ጤነኛው ጠቅ ብሎ ይመለሳል። የታመመው እንደ ማር እየተጎተተ ይመለሳል፣ ወይም መንገድ ላይ ይቀራል። ማሽኑ ከታመመው ዕቃ ጎን ሁልጊዜ ጤነኛ ናሙና ያስቀምጥልሃል፤ በዚህ ተጠቀም።

እየተጎተተ ከሆነ ግራሶ ነው። የዛሬ አርባ ዓመት ቅባት የነበረው ዛሬ ሙጫ ሆኗል። ከበሮውን ፎቶ አንስተህ ፍታው። ፋርማሲ የሚሸጠውን 91 በመቶ አልኮል ውሰድ፤ የጆሮ ጥጥና ንጹሕ ጨርቅ ያዝ። ክንዱ የሚዞርበትን ዘንግ፣ ጥፍሩን፣ የኮይሉን መሐል፣ የሚገባውን ብረት ሁሉ ቡናማው ቆሻሻ እስኪያልቅ ጥረግ። ካደረቅህ በኋላ ብረት ብረትን በሚያሽበት ዘንግ ላይ በመርፌ ጫፍ አንዲት ጠብታ ቀላል ዘይት ይበቃል። ኮይሉ ውስጥ ግን ምንም ዘይት አይግባ። እዚያ በደረቁ ነው የሚሠራው። አልኮሉ ሙሉ በሙሉ ሳይደርቅ ስፒናውን አትሰካ፤ ፑንቲናዎቹ ብልጭታ አላቸው፣ አልኮልም ይነዳል።

ሞላውን ለመሳብና ለማሳጠር ትፈተናለህ። ቆይ። መጀመሪያ አጽዳ። ሞላው ከጠነከረ ኮይሉ መሳብ ያቅተዋልና አዲስ ችግር ትፈጥራለህ።

ከጸዳ በኋላ ሌላ መልክ ሊመጣ ይችላል። ከበሮው ዜሮን እያለፈ መዞሩን ከቀጠለ፣ ያ «ደርሻለሁ» የሚለው ፑንቲና አልተከፈተም ማለት ነው። በእጅህ ዜሮ ላይ አቁመህ ፑንቲናውን እየው። በአንዳንድ ከበሮ ሁለት ስስ የብረት ምላሶች ናቸው፤ በሌላው ደግሞ ጣት የመሰለ ብረት የመዳብ መስመር ባለው ሰሌዳ ላይ ይሄዳል። ሰሌዳ ከሆነ በአልኮል መጥረግ ብዙ ጊዜ ይበቃል። ሁሉም ከበሮ ዜሮ ላይ ሆኖ ሞተሩ አሁንም ከዞረ ግን ነገሩ ሪሌ ጋ ነው። ማሽኑ በርቶ ሳለ እጅህን ሰብስበህ በዓይንህ ብቻ ተመልከት። የትኛው ሪሌ ተስቦ ቀርቷል? ሥሩ ወይም ጎኑ ላይ ፊደል አለው። ያንን ፊደል ጻፍ።

እኔ የመጀመሪያዬን ማሽን የጠገንኩት እዚህ ላስ ቬጋስ ነው፤ ችግሩም ይኸው የማይቆም ሞተር ነበር። ከበሮዎቹን አላየሁም። ቀጥታ ወደ ሪሌዎቹ ሄድኩ። አንዱን ምላስ ጠጋ፣ ሌላውን ራቅ እያደረግሁ ሁለት ሳምንት ቆየሁ። በመጨረሻ አንድ ከበሮ ላይ የደረቀ ግራሶ አገኘሁ። አሥር ደቂቃ ፈጀ። ያጣመምኳቸውን ምላሶች ወደ ቦታቸው መመለስ ግን ወር ጨረሰ። አንተን ከዚህ ላድንህ ነው ይህን ሁሉ የምጽፈው።

ፑንቲና መንካት የግድ ሲሆን እንዲህ አድርግ። መጀመሪያ ምላሶቹን አጥብቀው የያዙትን ሁለት ብሎኖች አጥብቅ። ዓመታት ያላላቸው እነሱን ነው፤ ብሎን ሲጠብቅ ክፍተቱ ብዙ ጊዜ በራሱ ይስተካከላል። ካላስተካከለ ብቻ ወደ ማጽዳት ሂድ። የዚህ ማሽን ፑንቲናዎች አብዛኛዎቹ ብር ናቸው። ለፑንቲና የተሠራ ስስ ተጣጣፊ ሞረድ አለ፤ በሁለቱ ነጥቦች መሐል አስገብተህ፣ በጣትህ በቀስታ አቀራርበህ፣ ሁለት ሦስት ጊዜ ሳብ። በቃ። ወፍራም የብርጭቆ ወረቀት አታስገባ። ከዚያም ካልሆነ ብቻ አጣም። ስታጣምም ከሥሩ፣ በልዩ ማጠፊያው ወይም በቀጭን ፒንሳ፣ በጣም በጥቂቱ። ክፍት መሆን ያለበት ፑንቲና አንድ ሚሊ ሜትር ተኩል ገደማ ክፍተት ይበቃዋል። ሲዘጋ ደግሞ ነክቶ መቆም የለበትም፤ ነክቶ ሌላኛውን ምላስ ትንሽ መግፋት አለበት። ያቺ ትንሽ መግፋት ነጥቦቹን እያሻሸች ራሷ ታጸዳቸዋለች። አንድ አስተካክል፣ ሞክር፣ ከዚያ ወደ ሌላው። ሁለት ነገር ባንድ ጊዜ ከነካህ የትኛው እንዳዳነው፣ የትኛውም እንዳበላሸው አታውቅም።

ይህን ምክር ወደ ኤሌክትሮኒክስ ማሽን ግን አትውሰደው። እነዚያ ላይ የጨዋታ ፑንቲናዎቹ ወርቅ ቅብ ናቸው፤ በሞረድ ከነካሃቸው ወርቁ ይነሳል። እነሱን ንጹሕ ወፍራም ወረቀት በመሐላቸው ሳብ ማድረግ ይበቃቸዋል።

የግራው ፍሊፐር። እዚህም ናሙናህ አጠገብህ ነው፤ የቀኙ ይሠራል። ሁለቱንም ደካማ ብትለኝ ኖሮ መጀመሪያ የምጠይቅህ የእግሮቹን ቁመት ነበር። የዚህ ዘመን ማሽን የተሠራው ለ3 ዲግሪ ተኩል ገደማ ዝንባሌ ነው። አዲስ ማሽን የለመደ ሰው ወደ 6 ዲግሪ ተኩል ያነሳዋል፤ ከዚያ ጤነኛ ፍሊፐር ኳሱን ሽቅብ መግፋት አቅቶት ደካማ ይመስላል። የአንተ ግን አንዱ ብቻ ነው።

የፍሊፐር ኮይል ውስጥ ሁለት ጥምጥም አለ። አንዱ ወፍራም ሽቦ ነው፤ ኳሱን በኃይል የሚመታው እሱ ነው። ሌላው ቀጭን ነው፤ አዝራሩን ይዘህ ስትቆይ ፍሊፐሩን ከፍ አድርጎ የሚያቆየው እሱ ነው። ወፍራሙ ብዙ ኤሌክትሪክ ስለሚጠጣ ለረጅም ጊዜ ከበራ ይቃጠላል። ስለዚህ ፍሊፐሩ ጉዞውን ሲጨርስ የሚከፈት አንድ ፑንቲና አለ፤ ቀጭኑን ጥምጥም ወደ ሥራ ያስገባል። ይህቺን ፑንቲና ዕወቃት። ፍሊፐሩ ሲያርፍ በደንብ መዘጋት አለባት። ከቆሸሸች ወይም ከተራራቀች ፍሊፐሩ ከመነሻው በቀጭኑ ብቻ ይሠራል፤ አንተ የምታየው ድካም በትክክል እንደዚህ ነው። ተቃራኒው ደግሞ አደገኛ ነው። መጨረሻ ላይ ካልተከፈተች ኮይሉ ይግላል፣ ይሸታል፣ ይቃጠላል። በፍሊፐሩ ጉዞ መጨረሻ ላይ 2 ወይም 3 ሚሊ ሜትር ያህል ተከፍታ እይ።

መሞከሪያው ቀላል ነው። ሁለት ጫፉ መቆንጠጫ ያለው አጭር ሽቦ ከሃርድዌር ሱቅ ግዛ። ስፒናው ተነቅሎ ሳለ የዚያችን ፑንቲና ሁለት ምላሶች በሽቦው አገናኝ። ከዚያ ማሽኑን አብርተህ ጨዋታ ጀምርና የግራውን አዝራር ለቅጽበት ብቻ ተጫን። ፍሊፐሩ እንደ ቀኙ ከመታ ጥፋተኛዋ እሷ ናት። ይዘህ አትቆይ፣ ኮይሉን ታቃጥለዋለህ። ሞክረህ ስትጨርስ ሽቦውን ማንሳት አትርሳ። ይህቺ ፑንቲና ከሌሎቹ ትለያለች፤ ነጥቦቿ ጠንካራው ተንግስተን ስለሆኑ ስሱ ሞረድ አይበግራቸውም። ትንሽ የብረት ሞረድ ትፈልጋለች። ካልተሻለው ወደ አዝራሩ ጀርባ ሂድ። የኮይሉ ኤሌክትሪክ በሙሉ በአዝራሩ ፑንቲና ነው የሚያልፈው፤ ብዙ ጊዜ ጠቁሮ ታገኘዋለህ።

ኤሌክትሪኩ ደህና ከሆነ ነገሩ ሜካኒካል ነው። የኮይሉ መቆሚያ ብረት በብሎን ታስሯል፤ ፍታውና ኮይሉን አውጣ። የሚገባውን ብረት ጫፍ ተመልከት። በዓመታት ምት ጫፉ ተጨፍልቆ እንደ እንጉዳይ ከተዘረጋ መንገዱ ላይ ያሻል፤ በሞረድ ጠርዙን ቀንሰው ወይም ቀይረው። በኮይሉ ውስጥ ያለው ስስ የፕላስቲክ ቱቦ ርካሽ ነው፤ ከጸዳም በኋላ ብረቱ ውስጡ በነፃነት ካልተንሸራተተ አዲስ አስገባ። ብረቱን ከፍሊፐሩ ዘንግ ጋር የሚያያይዘው ቁራጭ ቀዳዳው ሞላላ ሆኖ ከሆነ ግማሹ ጉልበት እዚያ እየጠፋ ነው። በመጨረሻ ፍሊፐሩን ከላይ ያዝና ወደ ላይ ወደ ታች አነቃንቀው። ትንሽ፣ የአንድ ሚሊ ሜትር ያህል፣ መላወስ አለበት። ምንም ካልተላወሰ ሰሌዳውን እያሻሸ ነው።

ካርዱ። ይህኛው አጭር ነው። የሚወድቀው ካርድ ከኋላው ትንሽ እርከን አለው፤ ሲነሳ እርከኑ ጠርዝ ላይ ያርፋል። ማንሻውን ዘንግ በእጅህ ቀስ ብለህ አንሳ። ያ ካርድ ጠርዙን አልፎ፣ ጠቅ ብሎ፣ ካረፈ በኋላ ሰሌዳውን መታ ስታደርግ ከወደቀ፣ ወይ እርከኑ ተበልቷል ወይ ሞላው ደክሟል። ጨርሶ ካላለፈ ዘንጉ በዚያ በኩል ተጣሟል ወይም የኮይሉ ማሰሪያ ላልቷል። ጥርጣሬ ከቀረህ ካርዱን ከጎረቤቱ ጋር ቦታ አለዋውጥ። ችግሩ ካርዱን ተከትሎ ከሄደ ካርዱ ነው፤ እዚያው ከቀረ ቦታው ነው። እዚህ ግራሶ አትቀባ፤ አቧራ ይሰበስብልሃል።

ስለ ቅባት ካነሳን፣ ጋራዥህ ውስጥ ያለውን የዝገት ማላቀቂያ እስፕሬይ ማሽኑ ውስጥ አትንፋ። ለደቂቃ ሁሉ ነገር የተሻለው ይመስላል። ከዚያ ይጣበቃል፣ በላዩም ይነዳል። ሰሌዳውንም በውሃ አትጠብ፤ እንጨት ነው፣ ያብጣል። አምፖል ስትቀይር ቁጥር 47 ግዛ እንጂ 44 አይደለም። ሁለቱም ይገባሉ፤ 44 ግን 0.25 አምፔር፣ 47 ደግሞ 0.15 አምፔር ይወስዳል። ሙቀቱ ሲቀንስ ያ የመስታወት ሥዕል ዕድሜው ይረዝማል።

የማሽንህን የኤሌክትሪክ ንድፍም ፈልግ። ብዙ ጊዜ ከማሽኑ ሆድ ውስጥ ተጣጥፎ ይገኛል፤ ከሌለ የፒንቦል ዕቃ ሻጮች ኮፒውን ይሸጣሉ። ስትዘረጋው ትደነግጣለህ፣ እንደ ከተማ ካርታ ነው። ሁሉንም ለማንበብ አትሞክር። ፑንቲናዎቹ የተሣሉት ማሽኑ አርፎ በሚቆምበት ሁኔታ ነው። የሽቦዎቹ ቀለም ተጽፏል። አንድ ኮይል ምረጥ፣ ወደ ኋላ በእርሳስ ተከተል፣ በመንገድ ያገኘኸውን ፑንቲና ሁሉ ጻፍ። ያ ዝርዝር የተጠርጣሪዎችህ ዝርዝር ነው።

ወደ ላስ ቬጋስ የሚያመጣህ ጉዳይ ካለህ፣ የፒንቦል ሆል ኦፍ ፌም የሚባል ቤት አለ። የተለያየ ዘመን ማሽኖች በሳንቲም ይጫወቱበታል። የጤነኛ ማሽንን ድምፅ እዚያ ቆመህ ስማ። ጆተኒ ስንጫወት ያደግን ሰዎች የኳስ ድምፅ ከምቱ ጥሩነት ጋር እንደሚሄድ እናውቃለን፤ ይኸኛውም እንደዚያው ነው። የጤነኛ ከበሮን ጠቅታ አንዴ ከለመድክ የታመመውን ማሽኑን ሳትከፍት ትለየዋለህ።

ቅዳሜ ስትከፍተው በዚያ 7 ላይ በቆመው ከበሮ ጀምር። ፍሊፐሩንና ካርዱን ለጊዜው ተዋቸው፤ ጨዋታ ሳይጀምር በደንብ ልትሞክራቸው አትችልም። ከበሮውን አጽድተህ ሞተሩ አሁንም ካልቆመ ሁለት ነገር ጻፍልኝ፦ ሁሉም ቁጥሮች ዜሮ ላይ ደርሰዋል ወይ? ተስቦ የቀረው ሪሌስ ፊደሉ ማን ነው? ከላይኛው ሳጥን ውስጥ ያነሳኸውን ፎቶ አብረህ ላክልኝ፤ ቀጣዩን ፑንቲና ከንድፉ ላይ አብረን እንፈልገዋለን።